ከፎቶው በፊት ያሉት ሰዓታት

ሲመሽ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ሁለት ሽታ ይቀላቀልበታል። አንዱ ከላይ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ጭስ ነው፤ ሌላው መጋረጃ ከተንጠለጠለባቸው ጠባብ በሮች የሚወጣው የአረቄ ሽታ። ቀኑን ሙሉ ድር ሲያደራ የዋለ ሸማኔ፣ ሲሚንቶ ሲያወርድ የዋለ የቀን ሠራተኛ፣ ጡረታው አልበቃ ያለው አዛውንት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። «እትዬ፣ አንድ ይድገሙኝ» ይላል አንዱ። መለኪያዋ ትሞላለች፤ በአንድ ትንፋሽ ትገለበጣለች፤ ፊት ይጨማደዳል፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

እዚያው ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ ታች፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ከአረቄ ቤቱ አግዳሚ እስከ ሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ያለው መንገድ በታክሲ ረጅም አይደለም። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላ ርቀት ነው፦ ሜታኖል የተባለው መርዝ ከተጠጣበት ሰዓት አንስቶ ዓይን እስኪከዳ፣ ከዚያም የዓይን ነርቭ ጉዳት በምስል ላይ እስኪታይ ድረስ ስላለው ጊዜ።

አረቄን ግን አስቀድሞ መክሰስ ልክ አይሆንም። የደብረ ብርሃን አረቄም ሆነ የአርሲ ነገሌ አረቄ አዲስ አበባ ድረስ በጀሪካን እየተጫነ የሚመጣው ብዙ ቤት ስለሚያስተዳድር ነው። ብቅሉና ጌሾው ተቀላቅለው ይጠነሰሳሉ፣ እህሉ ይደፈደፋል፣ ድፍድፉ ሲበስል ሸክላ ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። ይህን የምትሠራው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ልጆቿን የምታስተምረውም በዚሁ ነው። ከእህል የሚጠመቅ መጠጥ በተፈጥሮው የሚያመነጨው ሜታኖል ጥቂት ነው። መጠኑ ከፍ የሚለው ፔክቲን የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት ካለባቸው ፍራፍሬዎች በሚጠመቅ መጠጥ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ሰውን በጅምላ የሚያሳውረው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

በዓለም ላይ ሰው በጅምላ ያለቀባቸው የሜታኖል አደጋዎች መነሻቸው በአብዛኛው አንድ ነው፦ ለቀለም ማቅጠኛ፣ ለቫርኒሽ፣ ለማሽን ማጽጃ ወይም ለነዳጅ የተመረተ የኢንዱስትሪ አልኮል፣ ርካሽ ስለሆነ፣ በነጋዴ እጅ ወደ መጠጥ ሲገባ። ሜታኖል እንደ ኢታኖል፣ ማለትም እንደሚጠጣው አልኮል፣ ጠርቷል፣ እንደሱ ይሸታል፣ ምላስ ላይም ያን ያህል አይለይም። በየአረቄ ቤቱ የሚታወቀው የእሳት ፈተና እንኳ አያድንም። ማንኪያ ላይ ጠብ አድርገው ክብሪት ይለኩሱበታል፤ ሰማያዊ ሆኖ ከነደደ «ንጹህ ነው» ይባላል። ሜታኖልም ይነዳል። ነበልባሉ እንዲያውም በቀን ብርሃን ለዓይን የማይታይ እስኪመስል ድረስ የሳሳ ነው። እሳቱ የሚነግረን መጠጡ ብርቱ መሆኑን ነው እንጂ የየትኛው አልኮል ብርታት እንደሆነ አይደለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድ ሰው በምናባችን እንከተል። ዕድሜው አርባዎቹ ውስጥ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተቀምጦ ከወትሮው ባልበለጠ መጠን ጠጣ። የዚያን ዕለት ጀሪካን ውስጥ የገባውን አያውቅም፤ የቀዳችለትም ላታውቅ ትችላለች። ሜታኖል ከኢታኖል ያነሰ ያሰክራል፤ ስለዚህ ሰውየው በደህና ወደ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ሚስቱ «ዞሮበት ነው» ትላለች፤ ጎረቤትም ይህንኑ ይላል፤ እሱም ያምናል። ሽሮ ፍትፍት ይቀርብለታል፤ ወይም ይባስ ብሎ «በዚያው በጠጣኸው ይለፍልህ» ይባልና ከትናንቱ ጠርሙስ ይደገምለታል። ከሰዓት በኋላ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሮጦ እንደመጣ ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይጠልቃል። 10 ሰዓት ገደማ ላይ በሩ ላይ ቆሞ «ብርሃኑ ምን ሆነ?» ይላል። ሁሉ ነገር ነጭ ጭጋግ ለብሷል።

በቀዝቃዛ አገር ያሉ ሕመምተኞች ይህንኑ ስሜት በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ እንደ መቆም አድርገው ለሐኪሞቻቸው ሲነግሩ ቆይተዋል። እኛ ጋ ጭጋግ ይባላል፣ ጉም ይባላል፣ «ዓይኔን ጋረደኝ» ይባላል። በጉለሌ ዓይኑ ድንገት የጋረደው ሰው በማግስቱ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ቢወጣ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው መንገድ እሱ ነው። ጸበሉን ማንም አይከለክልም። ይህ ሕመም ግን የሚለካው በሰዓት ነው፤ ሆስፒታሉ መቅደም አለበት።

በእነዚያ ሃያ ሰዓታት ገደማ ሰውነቱ ውስጥ የሆነውን እንመልከት። ሜታኖል እንዳለ ቢቆይ ያን ያህል አይጎዳም ነበር። ጉበት ውስጥ ያለው አልኮል ሰባሪ ኢንዛይም ግን ኢታኖልን ብቻ ሳይሆን ሜታኖልንም ይሰብራል፤ መጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ ይለውጠዋል፣ ቀጥሎም ሌላ ኢንዛይም ያንን ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል። ፎርሚክ አሲድ ጉንዳን ሲነክስ የሚረጨው ያው አሲድ ነው። የሰው ልጅ ይህን አሲድ ለማስወገድ ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ይፈልጋል፤ ጉበታችን ውስጥ ያለው ደግሞ ከአይጥ ጉበት ያነሰ ነው። አይጥ ያንኑ ያህል ጠጥታ ዓይኗ አይጠፋም፤ የሰው ይጠፋል።

አሲዱ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ሰውነት የደሙን አሲድነት በትንፋሽ ሊቀንስ ይታገላል፤ የፈጠነውና የጠለቀው ትንፋሽ ምክንያቱ ይኸው ነው። ፎርሚክ አሲድ ሴል ውስጥ ገብቶ ሚቶኮንድሪያን፣ ማለትም የሴሉን የኃይል ማመንጫ፣ ያንቃል፤ ኦክስጅን በደም ውስጥ እያለ ሴሉ ሊጠቀምበት አይችልም። ደሙ ይበልጥ አሲድ በሆነ ቁጥር ደግሞ ፎርሚክ አሲዱ ወደ ሴል በቀላሉ ሰርጎ ይገባል። አዙሪት ነው። ሐኪሞች አሲድን የሚያመክነውን ባይካርቦኔት ለመስጠት የሚጣደፉት ይህን አዙሪት ለመስበር ነው።

ታዲያ ከሰውነት ሁሉ ዓይን ለምን ይቀድማል? መልሱ ያለው የዓይኑ ኳስ ውስጥ ሳይሆን ከኋላው ባለው ነርቭ ላይ ነው። በአንድ ዓይን ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ የነርቭ ክሮች አሉ። ከሬቲናው ማዕዘን ሁሉ እየተንሸራተቱ መጥተው፣ ሸማኔ ድሩን በአንድ ቦታ ሰብስቦ እንደሚይዘው፣ የነርቩ ራስ በሚባለው ክብ ቦታ ላይ ይሰበሰቡና ወንፊት መሳይ ሕብረ ሕዋስ አልፈው ወደ አንጎል ይጓዛሉ። ክሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ምልክት ማስተላለፍም ኃይል ይፈጃል። ሚቶኮንድሪያ ሲታነቅ ቀድሞ የሚራበው ይህ ቦታ ነው። የኃይል እጥረቱ በክሮቹ ውስጥ የሚጓዘውን ፈሳሽ ያቆመዋል፤ ክሮቹ ያብጣሉ። በተለይ ከማየት ማዕከል የሚመጡት ክሮች ይጎዳሉ፤ ለዚህ ነው ሰውየው የልጁን ፊት ማየት አቅቶት የግድግዳውን ጠርዝ ሊያይ የሚችለው።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ እዚህ ላይ የምትጠይቀው ጥያቄ ከየትኛውም ማሽን በላይ ይሠራል። «ጋሼ፣ ትናንት ምን ጠጡ? ከየት ነበር የመጣው?» ሰው ያፍራል፤ በተለይ ቤተሰብ ፊት። ሐሰት ከመለሰ ሐኪሙ ስኳር በሽታ ነው፣ ኩላሊት ነው፣ ማጅራት ገትር ነው እያለ ሰዓት ይበላል። ሜታኖልን በቀጥታ ደም ውስጥ የሚለካ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተባለ መሣሪያ በየሆስፒታሉ የለም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ውሳኔው የሚመሠረተው በታሪኩ፣ በደሙ አሲድነትና በዓይን ብሌን ላይ ነው። የተስፋፋ፣ ባትሪ ሲበራበት የማይጠብብ ብሌን ክፉ ምልክት ነው፤ ለዓይኑም ለነፍሱም።

ሕክምናው እውነቱን ለመናገር እንግዳ ነገር አለው። ፎሜፒዞል የሚባል መድኃኒት ኢንዛይሙን ዘግቶ ሜታኖሉ ወደ መርዝ እንዳይለወጥ ያደርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ውድ ነው፣ በብዙ አገር አይገኝም። በሌለበት የሚሰጠው ደህናው አልኮል ራሱ፣ ኢታኖል ነው። ኢንዛይሙ ኢታኖልን ከሜታኖል ይልቅ ከአስር ጊዜ በላይ ስለሚወድ፣ ኢታኖል እያለ ሜታኖሉን አይነካውም። የተመዘገበ የፋብሪካ መጠጥ በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በሐኪም ስሌት፣ በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያነብ ሰው ቤቱ ውስጥ ልሞክረው እንዳይል፤ መጠኑ በየሰዓቱ የሚስተካከል ነው፣ ከአሲዱ ጋር የሚደረገው ትግልም ቤት ውስጥ አይሆንም። ሜታኖሉንና አሲዱን ከደም አጥቦ የሚያወጣው የኩላሊት እጥበት ነው። ጉለሌ በኩላሊት ሕክምና ረገድ ዕድለኛ ሰፈር ሊባል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሠራው እዚሁ ጳውሎስ ነው።

ኢታኖል ጊዜን እንደሚያዘገይም ልብ ይሏል። ሜታኖሉ ከብዙ ደህና አረቄ ጋር ተቀላቅሎ የተጠጣ እንደሆነ፣ ምልክቱ ከአንድ ቀን አልፎ በሁለተኛው ሊመጣ ይችላል። አንዱ ጠጪ ሲታመም ሌላው «እኔ ምንም አልሆንኩም» የሚለው አንዳንዴ ስላለፈው ሳይሆን ገና ስላልደረሰበት ነው።

ሰውየው ተረፈ እንበል። አሁን የዓይን ሐኪሙ ተራ ደረሰ። የመጀመሪያው መሣሪያ ከመቶ ዓመት በፊትም የነበረው ኦፍታልሞስኮፕ ነው፤ በብሌኑ ቀዳዳ ብርሃን ተልኮ የነርቩ ራስ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀላል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ በዙሪያው ያለው ሬቲና ነጣ ብሎ ያብጣል። ፈንደስ ካሜራ ይህንኑ በፎቶ ያስቀረዋል። ችግሩ አንዳንድ ዓይን በመጀመሪያው ቀን ጤነኛ መምሰሉ ነው። ሕመምተኛው «አላይም» እያለ ሐኪሙ ደህና የሚመስል ነርቭ ያያል። ልምድ የሌለው ሰው ያኔ ሕመምተኛውን አስመሳይ ሊለው ይችላል፤ ጉዳቱ ከኳሱ ጀርባ፣ ዓይን ከማይደርስበት ቦታ ላይ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ግን ኤም.አር.አይ. ያዛል።

ኤም.አር.አይ. ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛው ከዓይን ኳስ ኋላ ያለው የነርቩ ክፍል የውሃ እንቅስቃሴው ታግዶ ማብራቱ ነው። ሁለተኛው አንጎል ውስጥ ነው፤ ፑታሜን የሚባሉት፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክሉ ሁለት ክፍሎች፣ ግራና ቀኝ እኩል ተጎድተው፣ አንዳንዴም ደም ፈስሶባቸው ይታያሉ። ዓይነ ስውርነትና የሁለቱ ፑታሜን ጉዳት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ የጠጣውን ያልተናገረ ሰው እንኳ ቢሆን ምስሉ ሜታኖልን በብርቱ ያስጠረጥራል። ከወራት በኋላ የሚንቀጠቀጥ፣ እንደ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ የሚዘገይ ሰው የሚፈጠረውም ከዚህ ነው።

በጣም ደቂቁን ነገር የሚያሳየው ግን ኦ.ሲ.ቲ. ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ይፋ የሆነው ይህ ዘዴ ብርሃን ይልካል፤ ከየንብርብሩ የሚመለሰውን ብርሃን አነጻጽሮ ሬቲናውን ቢላ ሳይነካው በአግድም የተቆረጠ ያህል ያሳያል። ሕመምተኛው አገጩን ያሳርፋል፣ አንድ ነጥብ ላይ ያተኩራል፣ በሰከንዶች ያልቃል። በጤነኛ ሰው ላይ በነርቩ ራስ ዙሪያ ያለው የክሮቹ ንብርብር ውፍረት በአማካይ 100 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንብርብሩ ከመደበኛው ይወፍራል፤ እብጠት ነውና። በሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ይጎድላል፤ ውፍረቱ ወደ መደበኛው ሲመለስ ቤተሰብ «ተሻለው» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ቁጥሩ ግን እዚያ አይቆምም፣ ወደታች ያልፋል። የሞቱ ክሮች ይሟሽሻሉ፤ ንብርብሩ ይሳሳል። ስለዚህ አንድ ኦ.ሲ.ቲ. ብቻውን አሳሳች ነው። ቀኑ ያልተጻፈበት ምስል ዋጋ የለውም ብል አላጋነንኩም፤ መደበኛ የሚመስል ቁጥር ወደ ጉዳት እየወረደ ያለ ቁጥር ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳዝን ሌላም አለ። ከቼክ ሪፐብሊክ የተገኘውን ማስረጃ እንይ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 በዚያ አገር ሜታኖል የተቀላቀለባቸው የመጠጥ ጠርሙሶች ገበያ ገቡ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ መንግሥትም ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ ሁሉ እንዳይሸጥ ለጊዜው አገደ። የፕራግ ሐኪሞች የተረፉትን ለዓመታት ተከታትለው ኦ.ሲ.ቲ. ደጋገሙላቸው። ያገኙት፣ ከአራት ሰው በአንዱ ገደማ የነርቭ ክሮቹ መሳሳት ከመመረዙ ዓመታት በኋላም አለመቆሙን ነው። መርዙ ከሰውነት ከወጣ ቆይቷል፤ ጉዳቱ ግን ቀጥሏል። «ያለፈ ነገር ነው፣ አሁን ምን ይደረጋል» የሚለውን ምክር ይህ ጥናት ይሞግተዋል፤ ቢያንስ ክትትሉ እንዲቀጥል።

ለጉለሌ ሐኪም የዚህ ምስል ትልቁ ጥቅም ምናልባት ሌላ ነው። ሜታኖል የጎዳው ነርቭ ከወራት በኋላ ይነጣል፣ መሐሉ ይጎደጉዳል። ጉድጓዱን ብቻ ያየ «ግላኮማ» ይለዋል። ግላኮማ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፤ ጉድጓዱ ቢሰፋም የተረፈው ጠርዝ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ጽጌረዳማ ሆኖ ይቆያል። ሜታኖል ጠርዙንም ጭምር ያነጣዋል። ሐኪሙ ይህን ካልለየ፣ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የማይጠቅመውን የግላኮማ ጠብታ እየገዛ ይኖራል። ሌላው ተመሳሳይ፣ ለእኛ አገር ከሁሉም የቀረበው፣ ኢታምቡቶል ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ሲሆን በጥቂት ሰዎች ላይ የዓይን ነርቭን ይጎዳል። ያኛው በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለምን እያደበላለቀ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ደግሞ እይታው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሜታኖል በአንድ ቀን ውስጥ ይመታል። ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ፣ አረቄም የሚጠጣ፣ ምግቡም የተጎዳ ሰው ሲመጣ ግን ልየታው ቀላል አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በከተማችን እንግዳ አይደለም።

የጠፋው ዓይን ይመለሳል ወይ? የተወሰነ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዙዎች ይታያል፤ ከፊሎቹ መልሶ ይከዳቸዋል። ስቴሮይድ ተሞክሯል፤ በኢራን ሐኪሞች ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን፣ ለደም ማነስ የሚሰጠውን መርፌ ሞክረዋል፤ ተስፋ ያሳዩ ውጤቶች አሉ፣ ቁርጥ ያለ ማረጋገጫ ግን አልተገኘም። ኢራን በሜታኖል ከባድ ዋጋ ከፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት አልኮል መጠጣት ከኮሮና ያድናል የሚል ወሬ ተነዝቶ ከ5,000 በላይ ሰው ተመረዘ፤ በመቶዎች ሞቱ። ጎረቤት ኬንያም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በተበከለ መጠጥ ከ60 በላይ ሰዎቿን አጥታለች፤ ከተረፉት ብዙዎቹ ዓይናቸው ጠፍቷል።

እነዚህ አደጋዎች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ሕመምተኛው በብዛት ብቻውን አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ አትላንታ በአንድ ጊዜ 323 ሰዎች ታመው 41 ሞተዋል፤ ሁሉም የጠጡት ከአንድ ምንጭ ነበር። ስለዚህ ያበጠ የነርቭ ራስ ያየ የዓይን ሐኪም የምስሉን ቀንና ሰዓት ጽፎ መዝጋት ብቻ አይበቃውም። አብረው የጠጡት እነማን ናቸው? ጀሪካኑ የት ነው? የተረፈ መጠጥ ካለ አይደፋ፣ ጠርሙሱ ከነምልክቱ ይቀመጥ፤ ምርመራው ከእሱ ይጀምራል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሰዉ ከድሮ ጀምሮ ፓስተር የሚለው፣ እዚያው ጉለሌ ነው ያለው፤ ወረርሽኝ የሚመስል ነገር ለመጠቆም 8335 ነጻ ስልክ ነው። አንድ ሰው ዓይኑ ጋርዶት ገብቶ፣ ከእሱ ጋር አግዳሚው ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ገና ምንም ካልተሰማቸው፣ እነሱን ወደ ሆስፒታል ለመጥራት የተሻለው ሰዓት ያ ነው።